አባቴ የቆረጣት ቺንጋ

ከኮምቦልቻ በወጣሁበት ንጋት አባቴ ወፍጮውን ያለ ሰዓቱ አስነሣ። አውቶቡሱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይንቀሳቀሳል ስለተባለ ሱብሒ ሰግጄ ወዲያው ወጣሁ። በዚያ ሰዓት እህል የሚያስፈጭ ሰው የለም፤ አባቴ ግን ሞተሩን አስነሥቶ ባዶውን ያዞረዋል። መሰነባበት ስለከበደው መሆኑ የገባኝ ጣርማ በር ደርሰን ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ነው። ከሞተሩ በላይ እየጮኸ የነገረኝ ይህን ብቻ ነበር፦

"እስከ አረፋ። በዚህ በያዝከው ነገር የሚፈልግህ ሰው ካገኘህ እሰየው። ካላገኘህ ተመልሰህ ወፍጮውን ትይዛለህ። ተስማማን?"

"ተስማማን፣ አባባ።"

ጊዜው የኅዳር መግቢያ ነው። የዚያን ዓመት አረፋ የሚውለው ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። አምስት ወር ተኩል አለኝ ብዬ መንገዱን ሙሉ በጣቴ ስቆጥር ዋልኩ።

ስደት ብዬ ስጽፍ የሚስቅብኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ባሕር አላቋረጥኩም፤ የተሻገርኩት ቦርከናን ነው። ነገር ግን በአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ውኃው ጣዕሙን፣ ሰላምታውም ርዝመቱን የለወጠበት ሰው ተሰዷል እላለሁ። እኛ ዘንድ የሰው፣ የከብቱና የአዝመራው ደህንነት ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም። ገርጂ ግን "ሰላም ነው?" ይሉህና መልሱን ሳይሰሙ ያልፋሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቆሜ መልሱን ለጀርባቸው እነግር ነበር። ብርዱም ሌላ ነው። የኛ ብርድ ፀሐይ ሲወጣ ይሄዳል፣ የገርጂው ግን ቆርቆሮው ሥር አብሮኝ ተከራይቶ ነበር።

አብረውኝ የተሰደዱ ሁለት ዕቃዎች ናቸው። አንዱ ቤዝ ጊታር ነው። የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ሲበተን ሌላውን መሣሪያ ሰው ሲከፋፈለው እሱን "ሁለት ክር ጎድሎታል" ብለው መጋዘን ውስጥ ተዉት። ቤዝ ጊታር ከመጀመሪያውም አራት ክር ብቻ እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም። ክሮቹን በትምህርት ቤታችን አኮርዲዮን ልክ እየቃኘሁ ተለማመድኩበት። አምፕሊፋየር ስላልነበረኝ የጊታሩን ራስ ከእናቴ የልብስ ሣጥን ጋር አስደግፌ እጫወት ነበር። እንጨቱ ድምፁን ይቀበልና ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ዕቃ ቴፕ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ቀጥ ብሎ ቆመብኝ። ስከፍተው ካሴቱን የምታዞረው ትንሽ የጎማ ቀበቶ፣ እኛ ወፍጮ ቤት ቺንጋ የምንላት፣ ተበጥሳለች። አባቴ ዘፈን አይወድም፤ ልጁ አዝማሪ ተብሎ እንዲጠራም አይፈልግም። የተበላሸ ማሽን አይቶ ማለፍ ግን አይችልም። ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀለበት ቆርጦ፣ በመቀስ አስተካክሎ ገጠመልኝ። ቴፑ ዞረ። አርባ ሦስት ዘፈን ድምፅ በድምፅ ያጠናሁት በዚያች ቺንጋ ነው።

ገርጂ ቤት ያከራዩኝ እትዬ ብርቄ ይባላሉ። በሩ ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሙዚቀኛ ነኝ።"

"ይጮኻል?"

"አይጮኽም። ኤሌክትሪክ ካላገኘ ድምፅ የለውም።"

"ድምፅ የሌለው ሙዚቀኛ ከሆንክ ግባ።"

በሳምንቱ መጥተው በሬን አንኳኩ። "ሰዒድ፣ ያ ቁም ሣጥን ምን ሆኖ ነው የሚያጉረመርመው?"

"እየተለማመድኩ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ እኮ ሆድህን አሞህ እያቃሰትክ መስሎኝ ፌጦ ላመጣልህ ነበር።"

ለመታወቂያ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ከኮምቦልቻ ያመጣሁትን መሸኛ አገላብጦ አየው።

"ሥራ?"

"ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ።"

"መሸኛህ ወፍጮ ሠራተኛ ይላል።"

"እሱ እዚያ ሳለሁ ነው።"

"ወንድሜ፣ እኔ የምሠራው ከወረቀት ወደ ወረቀት መገልበጥ ነው። ሙዚቀኛ መሆንህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘሃል?"

"ማን ይጽፍልኛል?"

"እኔም እሱን ነው የምልህ።"

እሱም "ወፍጮ ሠራተኛ" ብሎ ጻፈ። ማህተሙ ጥርት ብሎ አረፈበት።

ባንዱን ያገኘሁት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከመገናኛ ወደ ገርጂ ስሳፈር የጊታሩ አንገት ከማዳበሪያው ከረጢት ወጥቶ ይታይ ነበር። ሾፌሩ በመስታወት አየና "ቤዝ ነው?" አለኝ። ሁለት ክር ጎድሎታል ያላለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቢንያም ይባላል፤ በሥራ ቀን ሚኒባስ ይነዳል፣ ቅዳሜና እሁድ ድራም ይመታል። የባንዳቸው ቤዚስት ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ወር ሆኖት ነበር።

የሚለማመዱት ከሩዋንዳ ኤምባሲ ጀርባ፣ በዮሐንስ ቤተሰቦች ጋራዥ ውስጥ ነው። ዮሐንስ የባንዱ አለቃ ነው። ወላጆቹ ከመቀሌ የመጡ ናቸው፤ እሱ ትራንዚት ቢሮ ይሠራል፣ ኪቦርዱም የራሱ ነው። የምትዘፍነው ሰብለ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ማናቸውም በሙዚቃ አይተዳደሩም።

"ስንት ዘፈን ትችላለህ?" አለ ዮሐንስ።

"አርባ ሦስት።"

"ሃምሳ የማይል ሰው አገኘን። በል ጀምር።"

ጀመርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊታሬ በአምፕሊፋየር ሲጮኽ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፤ ደረቴን ገፋኝ። ወዲያው ግን የዮሐንስ ፊት ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ። ክሮቼን ከኪቦርዱ ጋር አስተያየን፤ ልክ ናቸው። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ተጣላን። ሌላ ዘፈን ሞከርን፤ እሱም እንደዚያው። ሁሉንም የምጫወተው በግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጌ ነበር። በዚያ ላይ እፈጥናለሁ።

"ማን እያባረረህ ነው?" አለኝ ቢንያም። የመኪናውን ፈረፋንጎ ሳይቆጥብ ከገርጂ መገናኛ በስምንት ደቂቃ የሚደርስ ሰው ቀስ በል ሲለኝ አፈርኩ።

"የተሳሳተው ኪቦርዱ ይሆናል" አልኩ። በካሴቱ እርግጠኛ ነበርኩ።

ዮሐንስ አልተቆጣም። "ሰዒድ፣ ይህ ከፋብሪካ ነው የመጣው። አንተ ከየት ነው የመጣኸው?" አለ።

ቤቴ ገብቼ ያንኑ ካሴት ይዤ እትዬ ብርቄ ዘንድ ሄድኩ። በሳቸው ቴፕ፣ ሰዓቴን ይዤ፣ አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሠላሳ ደቂቃ ፈጀ። በእኔው ቴፕ ደገምኩት። ሃያ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። የአባቴ ቺንጋ ወፍራም ናትና ቴፑን ታስሮጠዋለች። ሲሮጥ ድምፁም ይቀጥናል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ማንም ዘፋኝ ዘፍኖት የማያውቀውን ዘፈን ነበር።

አላለቀስኩም። ደብተር ገዝቼ አርባ ሦስቱንም በየተራ ጻፍኩ፤ በቀን አንድ ዘፈን ግማሽ ድምፅ አወርዳለሁ አልኩ። የገና ጾም ስለነበር ሰርግ የለም። ታኅሣሥ ሲያልቅ ጨረስኩ።

በጥር የመጀመሪያ ሰርጋችንን ገርጂ ድንኳን ውስጥ ተጫወትን። ሦስት ዘፈን ያለ እንከን ሄደ። አራተኛው ላይ የሙሽራዋ አክስቶች ተነሡና እስክስታ ወረዱ። ሰብለም ግጥሙን እየመለሰች ታሟሙቃቸዋለች። እኔ ዘፈኑ የሚያልቅበት ቦታ ስደርስ የመጨረሻዋን ድምፅ በጥንቃቄ መትቼ እጄን አነሣሁ። ሌሎቹ ቀጠሉ። አክስቶቹ ትከሻቸው አየር ላይ ቀርቶ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለምን ቆምክ?" አለች ሰብለ ማይኩን ሸፍና።

"አልቋል።"

"የት ነው ያለቀው?"

"ካሴቱ ላይ።"

"ካሴቱ ላይ አክስት የለም፣ ሰዒድ።"

ዕቃ ስንጭን ዮሐንስ ለብቻዬ ጠራኝ። "ትጋትህን አይቻለሁ። ግን የዳግም ትንሣኤ ሰርግ ትልቅ ነው። ሌላ ቤዚስት ይመጣል። የመጀመሪያውን አጋማሽ አንተ ትጫወታለህ፣ ሁለተኛውን እሱ። ከዚያ አንዳችሁ ትቀራላችሁ።"

ዳግም ትንሣኤ ከአረፋ በአንድ ሳምንት ይቀድማል። ወይ ባንዱ፣ ወይ ወፍጮው፤ በዚያ እሁድ ይለይ ነበር።

ረመዳን ገባ፣ እሱ ሲያልቅ ሁዳዴ ቀጠለ። ሰብለ ከፀጉር ቤት ስትወጣ ጋራዡ ድረስ መጥታ እንድታለማምደኝ ለመንኳት። "ካሴቱን ተወው" አለችኝ። "እግሬን እይ። ቀኝ እግሬን ከሰበቅኩ እመልሳለሁ፣ ካሳረፍኩ እጨርሳለሁ።" ሆን ብላ ታሳስተኛለች፤ አንዱን ግጥም አራት ጊዜ፣ ሌላውን ግማሽ። ስሳሳት ቢንያም ዱላውን አንሥቶ "መገናኛ ወራጅ አለ" ይለኛል። ወራጅ አለመሆኔን ለማሳየት ጦሜን ውዬም ቢሆን አንድ ቀን አልቀረሁም።

ዳግም ትንሣኤ ደረሰ። ሰርጉ ኢምፔሪያል አካባቢ ነው፤ መድረኩ በለስላሳ ሣጥኖች ላይ የተረበረበ ጣውላ። ሌላው ቤዚስት ጊታሩን በጥቁር ሻንጣ ይዞ ከኋላ ተቀምጧል። ስምንት ሰዓት ላይ የወሎ ዜማ ጀመርን፤ አክስቶች ተነሡ። ገና ሁለተኛው ግጥም ላይ ሳለን መብራት ሄደ።

ኪቦርዱ ሞተ። ማይኩ ሞተ። ጊታሬም ከእጄ ሥር ድምፁ ጠፋ። ዮሐንስ እጁን አነሣ። ቢንያም ብቻ ድራሙን በቀስታ ይመታል። ሰብለ በባዶ ድምፅዋ አንድ ስንኝ አወጣችና ልትስት ስትል አየኋት፤ የሚይዛት ነገር የለም።

ሳላስብ በርከክ አልኩና የጊታሩን ራስ ጣውላው ላይ አስደግፌ በኃይል መምታት ቀጠልኩ። በእናቴ ሣጥን ላይ ሦስት ዓመት ያደረግኩት ይህንኑ ነው። እንግዳው ሰምቶኛል ብዬ አልዋሽም፤ ከፊት ወንበር ያለ እንኳን የሰማ አይመስለኝም። ሰብለ ግን ወደ እግሯ አየች፤ ከዚያ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች። ድምፅዋ ተመለሰ። ድንኳኑ አጨበጨበላት። ካሴቱ ላይ ዘፈኑ የሚያልቅበት ቦታ መጣ፤ አለፍኩት። ቀኝ እግሯን ሰበቀች፤ መለስኩ። እንደገና ሰበቀች። አክስቶቹ አልቀመጥ አሉ።

መብራቱ ድንገት መጣ። ዮሐንስ ፈራ ተባ እያለ ኪቦርዱን ነካ። ልክ እዚያው ነበርን። ከፍም አላልንም፣ ዝቅም።

"በእግሬ ነው የሰማሁህ" አለችኝ ሰብለ ጫማዋን ስታደርግ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ዮሐንስ ማንንም አልጠራም። ባለ ሻንጣው ሰውዬ ምሳውን በልቶ፣ እጄን ጨብጦኝ ሄደ። ማታ ዕቃ ስናወጣ ዮሐንስ "ቅዳሜ ቦሌ፣ እሁድም ቦሌ። ሁለቱም ቀን እፈልግሃለሁ" አለኝ። እሁዱ አረፋ ነበር።

ማክሰኞ ቴሌ ሄጄ ተሰለፍኩ። ከወፍጮ ቤታችን አጠገብ ወዳለው ሱቅ ደወልኩ፤ አባቴን ጠሩልኝ። ሲመጣ የሞተሩ ድምፅ ከኋላው ይሰማ ነበር።

"የሚፈልግህ ሰው ተገኘ?"

"ተገኘ፣ አባባ። ለቅዳሜም፣ ለእሁድም።"

"እሁድ አረፋ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"በጉ ከታሰረ ሦስት ቀኑ።" ወዲያው ጠየቀኝ፦ "መታወቂያ አወጣህ?"

"አወጣሁ።"

"ሥራ ምን ይላል?"

"ወፍጮ ሠራተኛ።"

ሳቀ። አባቴ ሲስቅ በስልክ ሰምቼው አላውቅም። "እንግዲያው ከቤት አልወጣህማ" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፦ "ያች የቆረጥኩልህ ቺንጋ ትሠራለች?"

ያየሁት ሁሉ፣ ሠላሳው ደቂቃ፣ ሃያ ስምንቱ፣ ደብተሩ፣ አፌ ላይ መጣ። ለልምምድ የእትዬ ብርቄን ቴፕ ነው የምጠቀመው። የራሴን የምከፍተው ሲናፍቀኝ ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ ቤታችን በነበሩበት ከፍታ የሚገኙት እዚያ ብቻ ነው።

"ትሠራለች" አልኩት።

"እንዳትለውጣት።"

"አልለውጣትም፣ አባባ።"

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም። የቴሌዋ ሠራተኛ ሰዓቱ ማለቁን በጣቷ እስክታሳየኝ ድረስ ወፍጮውን አዳመጥኩ።