በድምፅ ብልጫ የተበየደው መጎተቻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ መርሳትም አልፈልግም። ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የእድራችንን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት የምናጓጉዘው አይሱዙ እየተከራየን ነበር። አይሱዙው ሲዘገይ ለቀስተኛውን ዝናብ ይመታዋል፣ ሐዘንተኛውም በሐዘኑ ላይ ያፍራል። በዚህ የተነሳ እድሩ አንድ አነስተኛ ተሳቢ ገዛ። ከአባላቱ መሀል ፒክአፕ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ መኪናዬ ላይ የተሳቢ መጎተቻ ተገጥሞ ለቅሶ በሆነ ቁጥር እንድጎትት ተጠየቅሁ። ደስ እያለኝ እሺ አልኩ።

ምን ዓይነት መጎተቻ ይሻላል ብዬ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ያሉ ጋራዦችንና ዕቃ መሸጫዎችን ዞርኩ። ነገሩ ቀላል ነው። አንደኛው ዓይነት ከመኪናው በታች ካለው ሻንሲ ጋር በወፋፍራም ቡሎን ይታሰራል፤ ሸክሙን የሚይዘው የመኪናው አጥንት ነው ማለት ነው። ሌላው የኋላ ፓራውልት ላይ አንድ ብረት በይዶ መገላገል ነው። ፓራውልት ደግሞ ሲገጩህ እንዲቀበል እንጂ የድንኳን ብረት እንዲጎትት አልተሠራም። ለመኪናዬ የሚሆነውን፣ በቡሎን የሚታሰረውን መርጬ ለእድሩ ስብሰባ አቀረብኩ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሴ ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

"አማቼ ፍቃዱ፣ የልጄ ባል፣ በያጅ አይደል እንዴ? ፉሪ ሱቅ አለው። ለእድሩ ብሎ በርካሽ ይበይድልናል" አሉ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ እኮ የመስኮት ብረት አይደለም" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንከው?" አሉና ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት። ከፊሉ የጋሽ ደምሴን ፊት እያየ፣ ከፊሉ ወደ ቤቱ ለመሄድ ቸኩሎ እጁን አወጣ። የብረት ጥንካሬ በድምፅ ብልጫ ሲወሰን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አልጎትትም ብዬ ተነሳሁ። ጋሽ ደምሴ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "እድር የናቀ ሲሞት ራሱን ተሸክሞ ይሂድ!" አሉ።

እናቴ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። አልጋ ከያዘች ቆይታለች። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ያ ንግግር የት እንዲያርፍ እንደተወረወረ ገብቶኛል። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ፣ "ይበየድ። ግን መንገድ ላይ ከመውጣቴ በፊት ዕቃው ተጭኖ እዚያው ይሞከራል" አልኩ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እኔ መኪናዬን ይዤ፣ ጋሽ ደምሴና ኮሚቴው ተሳቢውንና ዕቃውን በአይሱዙ አስጭነው ፉሪ ተገናኘን። የፍቃዱ ሱቅ ዳገት ሥር ነው። ፍቃዱ ሥራውን ጀመረ። እንደፈራሁትም ሻንሲውን ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ ብረቱን ፓራውልቱ ላይ ለጠፈው። ሲጨርስ ብየዳው ላይ ጥቁር ቀለም ቀባበት። ይበልጥ ያናደደኝ ቀለሙ ነው። ከሥሩ ያለውን ማየት እንዳልችል አደረገኝ።

"ይይዛል?" አልኩት።

"ማርያምን፣ ታንክ ጎትትበት!" አለኝ እየሳቀ።

ተሳቢው ከመኪናዬ ጋር ተያይዞ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ድስቱ ተጫነ። መሪ ጨብጬ፣ "ከተሳቢው ኋላ ሰው እንዳይቆም! ብየዳው ዳገቱ ላይ ከተላቀቀ ወደ ኋላ ይንደረደራል!" ብዬ ጮህኩ። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ነደዱ።

"አማቼን ሰው ፊት ልታዋርድ ነው?" አሉና ጋቢያቸውን ሰብስበው ተሳቢው ላይ ወጡ። የተደረደረው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ "በል ጎትት! እስቲ እኔን ይጣለኝ!" አሉ።

ኮሚቴው በሳቅ ፈነዳ። መንገደኛውም ቆሞ ማየት ጀመረ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ይውረዱ" አልኩ በመስኮት።

"ፈሪ!" አሉኝ።

እውነቱን ልናገር። ሰውየው ራሳቸው የመረጡት ነው፣ የፈለገው ይሁን አልኩ በልቤ። ሞተሩን አስነስቼ ማርሽ አስገባሁ።

"ቁም! ቁም! እንዳትነዳ!"

የፍቃዱ ድምፅ ነው። በመስታወት ሳየው የተሳቢውን ጎን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አባባ፣ በማርያም ይውረዱ!" አላቸው።

"ምን ሆንክ አንተ? ይይዛል አላልክም?"

"ለዕቃ ነው እንጂ... ሰው እንዲወጣበት አላልኩም እኮ። በልጆቼ ሞት፣ ይውረዱ!"

ሳቁ ጠፋ። ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። "ከኋላዬ የጀሞን አስፋልት የሚሻገረው ተማሪስ ዕቃ ነው?" ብዬ ጮህኩበት። ጋሽ ደምሴም ላይ ጮህኩ። ፍቃዱ አማቱን ሊያወርድ እጁን ቢዘረጋም ገፍተውት ብቻቸውን ወረዱ። ጋቢያቸውን አራገፉና፣ "ፀሐዩም በርትቷል፤ ሌላ ቀን እናየዋለን" አሉ። ይቅርታ እንኳ የለም።

ተሳቢውን እዚያው ፈትቼ ሄድኩ። በማግስቱ ሀይሌ ጋርመንት ያንን ብረት አስቆርጬ አስጣልኩት፤ መጀመሪያ የመረጥኩትን መጎተቻም ሻንሲው ላይ አሳሰርኩ። በቀጣዩ ስብሰባ ስለ ድምፅ ብልጫው ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሽማግሌ ፊት ጮኸሃል ተብዬ ተቀጣሁ። ለእናቴ ስል ዝም ብዬ ከፈልኩ። ዛሬም ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑን የምጎትተው እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሴን በግማሽ ልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ። ባያውቁም ያመኑት ነገር ላይ ራሳቸው ወጥተው ተቀምጠዋል። ፍቃዱን ግን አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት ሲያገኘኝ እጁን ይዘረጋልኛል፤ አልጨብጠውም። ሰዎች፣ "ምን ታከራለህ? በመጨረሻ እውነቱን ተናግሮ ሰው አድኗል" ይሉኛል።

እውነት ነው፣ አማቱን አድኗል። ከተሳቢው ኋላ መንገድ የሚሻገሩት የጀሞ ተማሪዎች ግን አንዳቸውም አማቱ አልነበሩም።