በአንድ ድስት ከጄኖቫ ቶስካና

መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው አስፋልት ጥቂት ጎበጥ ብሎ በሚታጠፍበት ቦታ፣ አንዲት ምግብ ቤት አለች። ስሟን የሚናገር ታፔላ የላትም። በሩ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሰሌዳ ግን አለ፤ በሰሌዳው ላይ በየቀኑ የአንድ ከተማ ስም ብቻ ይጻፋል። «ቦሎኛ» ይላል ሰኞ። «ሚላኖ» ይላል ማክሰኞ። አዲስ መንገደኛ የአውቶቡስ ቢሮ መስሎት የሚገባበት ጊዜ አለ።

ደንበኛ ግን ያውቃል። ቦሎኛ ከተባለ፣ ከጠዋት ጀምሮ በከሰል ላይ ሲንተከተክ የዋለ የሥጋ ስጎ ከፓስታ ጋር ይቀርባል። ሚላኖ ከተባለ፣ በእንቁላልና በደቀቀ ዳቦ ተለብጦ የተጠበሰ ኮቶሌት ነው። ጄኖቫ ከተባለ ደግሞ ሾርባ ነው፤ ካሮቱ፣ ፎሶሊያው፣ ዝኩኒው፣ ድንቹ እኩል እኩል ተከትፎ የበሰለበት ሚኔስትሮኒ፣ ከላዩ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የተወቀጠ በሶብላ ጠብ የተደረገበት። ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ የበሶብላው ሽታ ከእንፋሎቱ ቀድሞ ይነሳል፤ የደከመ ሹፌር ዓይኑን ይጨፍናል። የሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ሠራተኞች ከመኪና ሳይወርዱ አንገታቸውን አውጥተው «ዛሬ የት ነን?» ብለው ይጠይቃሉ። «ጄኖቫ» ትላለች ጥሩወርቅ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች። ይወርዳሉ።

ጥሩወርቅ ጄኖቫን አታውቃትም። ከኮምቦልቻ አልፋ ሄዳ አታውቅም። ከጉባ ላፍቶ ደጋ ወርዳ ወልዲያ የገባችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው፤ የገባችውም ጋሽ ወልዴ ዘንድ፣ ሳህን አጣቢ ሆና። ጋሽ ወልዴ በጉብዝናቸው ዘመን በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የጣሊያን ወጥ ቤት ረዳት ነበሩ። ካምፑ ሲነሳ መንገዱ ቀረ፤ የወጥ ቤቱ ሙያ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ቀረ። ወልዲያ ላይ ምግብ ቤት ከፍተው አገሩን ሾርባ በማንኪያ መጠጣት አስተማሩት።

እሳቸው ሲያስተምሩ ወረቀት አያውቁም። አገር ነበር የሚያስተምሩት። ድስት ከፍተው «ይኼ ባሕር ዳርቻ ያለ ሕዝብ ምግብ ነው፤ ቅጠል ይወዳል» ይሏታል። ሌላውን ከፍተው «ይኼ ደግሞ የቆላ ሀብታም ነው፤ ሥጋው አይቸኩልም» ይላሉ። ቶስካና ስለምትባለው የጣሊያን ክፍለ አገር ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። ቶስካናዎች የደረቀ ዳቦ አይጥሉም፤ ከትናንት በተረፈ ሾርባ ውስጥ ቆርሰው ጨምረው እንደገና ያፈሉታል፤ ዳቦ ሲጋግሩም ጨው አይጨምሩም ብለው ነገሯት። ጥሩወርቅ ይኼን የመጨረሻውን አላመነችም። ጨው የሌለው ዳቦ ማን ይበላል? ጋሽ ወልዴ ግን አንድ ጊዜ ከተናገሩት ፈቀቅ አይሉም ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጣሊያን ለጥሩወርቅ በካርታ ያለች አገር ሳትሆን፣ መደዳውን የተጣዱ ድስቶች ሆነች። ሰው አንድን አገር ሳያየው በምላሱ ሊዘልቀው መቻሉ ይገርማል። ጥሩወርቅን ግን አይገርማትም፤ ሥራ ነው ትላለች።

ጋሽ ወልዴ ካስተማሯት ሁሉ አጥብቃ የያዘችው አንድ ሕግ ነበር። «ጨውን አንድ እጅ ብቻ ይንካው፤ ያውም በመጨረሻ» ይሉ ነበር። «ሁለት እጅ የገባበት ድስት ባሕር ይሆናል።» እሳቸው ካረፉና እሷም መርሳ ላይ የራሷን ቤት ከከፈተች በኋላ፣ የጨው ዕቃዋን ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም።

ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከቤቷ ፊት ለፊት፣ ነሲባ አትክልት ትሸጣለች። ከግራና መንደር የሚመጣ ሽንኩርት፣ ከሀብሩ መስኖ የሚነሳ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቆስጣ። የጥሩወርቅ ድስት ውስጥ የሚገባው ቅጠል ሁሉ በነሲባ እጅ ያለፈ ነው። መጥፎውን እንዳትወስድ ራሷ እየመረጠች «ይኼ ላንቺ አይሆንም፣ ተዪው» ትላታለች። ግን ነሲባ ያንን ሁሉ ዓመት ከዚያ ቤት አንድ ማንኪያ ቀምሳ አታውቅም። ማንም ማንንም አላስቀየመም። የጥሩወርቅ ድስቶች የክርስቲያን ሥጋ የበሰለባቸው ናቸው፤ ነሲባ እስላም ናት፤ ወሎ ውስጥ ይኼን ለማስረዳት ቃል አያስፈልግም። ሰርግ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ አንድ ዳስ ውስጥ ይዘፈናል።

ጥሩወርቅን የሚቆጠቁጣት ሌላ ነገር ነበር። አንድ ክረምት ታይፎይድ ጥሏት ከአልጋ ሳትነሳ በከረመች ጊዜ፣ ነሲባ ሱቋን ዘግታ እየተሻገረች የአጃ አጥሚት በገዛ እጇ አጠጥታታለች። አገሩን ሁሉ የምታበላ ሴት፣ ያዳነቻትን ሴት አንድ ቀን እንኳ አላበላችም። ነገ አደርገዋለሁ ትል ነበር። ጎረቤት ለጎረቤት አይቸኩልም፤ ነገ ሞልቷል።

ዘንድሮ ነገ አለቀ። የነሲባ ልጅ ሙስዐብ ኮምቦልቻ ላይ ቤት ሠርቶ፣ ደም ግፊት ያለባት እናቱ ብቻዋን መኖሯ ስላሳሰበው፣ ከዒድ በኋላ ሊወስዳት ቆረጠ። ነሲባ ይኼን የነገረቻት ቆስጣ እያሰረች፣ ቀና ሳትል ነው። ጥሩወርቅ ቆስጣውን ተቀብላ ገባች። ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ የተደረደሩትን ድስቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። አንዳቸውም አይሆኑም።

ዘንድሮ ደግሞ ረመዳንና ሁዳዴ ገጠሙ። ጥሩወርቅ በሁዳዴ ምግብ ቤቷን ትዘጋለች። ሰሌዳው ባዶውን ይሰቀላል፤ ቦሎኛም ሚላኖም ፋሲካን ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ግን ወደ ገበያ ወጥታ ትልቅ አዲስ ድስት ገዛችና፣ ክዳኑን ሳትከፍት በቀጥታ አስፋልቱን ተሻግራ ነሲባ ፊት አስቀመጠችው።

«ሥጋ አልነካውም፤ ውሃም አልነካውም» አለቻት። «አንቺ እጠቢው። ሐሙስ ጄኖቫ እሠራለሁ። ቅቤ የለው፣ አጥንት የለው፤ ላንቺም ይሆናል ለኔም ይሆናል። በመግሪብ አብረን እንበላለን።»

ነሲባ ድስቱን እንደ ሕፃን አገላብጣ አየችው። «አንቺ በዘጠኝ ሰዓት ነው የምትበዪው» አለች።

«ሐሙስ እጠብቅሻለሁ።»

ነሲባ ድስቱን አንስታ ልታጥብ ገባች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች በምግብ ቤቱ ጓሮ ተቀመጡ። አዲስ የከሰል ምድጃ፣ ገና የተከፈተ የሱፍ ዘይት፣ ነሲባ ከቤቷ ያመጣችው ቢላዋ። አንዷ ትልጣለች፣ አንዷ ትከትፋለች። ጥሩወርቅ ካሮቱን እንደ ዶቃ እኩል ስታደርገው ነሲባ እያየች ትስቃለች፤ ሆድ ውስጥ ገብቶ ለሚቀላቀል ነገር ምን ያደርግለታል ትላለች። ጥሩወርቅ ደግሞ እኩል ካልሆነ እኩል አይበስልም፣ አንዱ ሲፈርስ አንዱ ጥሬ ይቀራል ብላ ታስረዳለች። ወሬያቸው ከዚያ አለፈ፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ኮምቦልቻ ሙቀት። ኮምቦልቻ ሲነሳ ነሲባ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ ዓይኗ ለምን እንደሚያነባ መጠየቅ ቀረ።

ችግሩ ቅምሻው ነበር። ሌላ ጊዜ በጾም ቀን ለጥሩወርቅ የምትቀምስላት ሳህን አጣቢዋ አለሚቱ ነበረች፤ እሷ ግን ቤቱ ስለተዘጋ አገሯ ገብታለች። ጥሩወርቅ አትቀምስም። በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ነሲባ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ አድርጋው አታውቅም፣ ዛሬ አትጀምርም። እንግዲህ ድስቱ በአፍንጫና በዓይን ብቻ ይበስል ነበር። ጥሩወርቅ ጆሮዋን ሰጥታ ታደምጠው ነበር፤ ሾርባ ሲደርስ ድምፁ ይወፍራል።

ፀሐይ ወደ ጉብታው ስታዘነብል ጥሩወርቅ ጓሮ ዳር ወዳለው መደብ በሶብላ ልትቀነጥስ ሄደች። ነሲባ ብቻዋን ከድስቱ ጋር ቀረች። እስካሁን ጨው ሲገባ አላየችም። ገባት፤ ወይም የገባት መሰላት። ይቺ ሴት ለኔ ደም ግፊት ብላ አልጫ ልታደርገው ነው አለች በልቧ። ስንት መንገደኛ የመሰከረለትን እጇን ለኔ ስትል ልታዋርደው ነው። የጨው ዕቃውን ከፈተች፣ አንድ እፍኝ ሙሉ ዘገነች፣ ጨመረችና በጭልፋ አማሰለችው።

ጥሩወርቅ ተመለሰች። በሶብላውን ወቀጠች። ከዚያ እንደ ሕጓ፣ በመጨረሻ፣ ጨውን በጣቶቿ ለክታ በተነች፤ ያውም ነሲባን አስባ ቆጠብ አድርጋ።

ሙስዐብ ተምር ይዞ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ «እንዴት ዋሉ፣ እትዬ ጥሩወርቅ» አለና፣ በእናቱ ዓይን የተጠቆመለት ቦታ ተቀመጠ። ሦስት ሳህን ተቀዳ። አረንጓዴው ዘይት ከላይ ተንሳፈፈ። የአዛኑ ድምፅ ከመስጊዱ ሲወጣ ነሲባ ተምር ቀመሰች፣ ቢስሚላህ ብላ ማንኪያዋን አነሳች። ጥሩወርቅ አማተበች። ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀችው ማንኪያ ወደዚያች ሴት አፍ ሲሄድ እያየች፣ የራሷን ረስታ ቆየች።

ነሲባ ዋጠች። ፊቷ አልተለወጠም። «ማሻአላህ» አለች፣ እንደገናም ማንኪያዋን ነከረች።

ሙስዐብ ግን አፉን እንደሞላ ቀረ። ጥሩወርቅ አየችውና ከራሷ ሳህን ቀመሰች። ባሕር ነበር።

ሙስዐብ እንደምንም ዋጠው።

«እትዬ ነሲባ» አለች ጥሩወርቅ ቀስ ብላ፣ «ጨው ነክተሻል?»

«ትንሽ» አለች ነሲባ። «አንቺስ?»

«ትንሽ።»

«ከአፋር አሞሌ ሳይወርድ አልቀረም» አለ ሙስዐብ፣ ውሃ እየፈለገ።

ነሲባ ሦስተኛውን ማንኪያ ልታነሳ ስትል ጥሩወርቅ እጇን ያዘቻት። ደም ግፊት አለብሽ አለቻት፤ ይገድልሻል። ነሲባ እጇን አላስለቀቀችም።

«ያን ጊዜ አጥሚቱን ስሰጥሽ ስኳር አልነበረኝም» አለች። «መራራ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፊትሽን አላጠቆርሽብኝም። እኔስ?»

ጥሩወርቅ በዚህ ዓለም ካሉት ሾርባዎች ሁሉ አንዱ ብቻ እንዳይበላሽ ተመኝታ ነበር፤ የተበላሸውም እሱ ነው። ነሲባም ትጨርሰዋለች፤ ዓይኗ ላይ ይታያል። ለወዳጅ ያበሰልኩት መድኃኒት ሆኖ በግድ ተዋጠ እያሉ መኖር እንዴት ይቻላል?

«ምን ጨው አስጨመረሽ፣ ባንቺ ቤት ጨው የለ!» አለች በመጨረሻ፣ ግማሽ ቁጣ ግማሽ ሳቅ። «ለደም ግፊትሽ ብለሽ ዳቦሽን እንኳ ያለ ጨው የምትጋግሪ ሴት...»

ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ጨው የሌለው ዳቦ፤ የጋሽ ወልዴ ቶስካና።

«የትናንቱ ዳቦ ተርፏል?» አለች።

ተርፏል። የትናንቱም የትናንት በስቲያውም፤ ነሲባ ዳቦ አትጥልም። ሙስዐብ አስፋልቱን ተሻግሮ በከረጢት ይዞት መጣ፣ ደርቆ እንደ ጣውላ ይንኳኳ ነበር። ጥሩወርቅ ሾርባውን ከሳህኖቹ ሁሉ ወደ ድስቱ መለሰች። ዳቦውን ቆርሳ አስገባች፣ ውሃ ጨመረች፣ ከነሲባ ሱቅ አንድ ጥቅል ጎመንና ድንች አስመጣች፣ ከሰሉን አራገበች። ዳቦው ጨውን እንደ ተጠማ ከብት ጠጣ። ድስቱ ወፈረ፣ አደገ፣ እስከ አፉ ሞላ። ጋሽ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩላት የነበረችው አገር እዚያ ጓሮ ውስጥ መጣች።

አሁን ግን ለሦስት ሰው በዛ። ሙስዐብ ወደ አስፋልቱ ወጣ። አዛን መንገድ ላይ ያገኛቸው ሹፌሮች መኪናቸውን ዳር አቁመው በተምርና በውሃ ሲያፈጥሩ ነበር፤ ጠራቸው። የጎማ ጥገናው ሀብታሙ ከነዘይት እጁ ብቅ አለ፤ ጾም እንደሆነ ተናግሮ ሊመለስ ሲል የጾም ነው፣ ግባ አሉት። ወደ ውርጌሳ የሚሄድ የአንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ሁሉ ወረደ። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከአንድ ድስት ተቀዳ፤ ሳህን ሲያልቅ በብርጭቆ ተቀዳ። ከሲሪንቃ ሠራተኞች አንዱ እግረ መንገዱን ሰዉን አይቶ ገባ፤ ባዶውን ሰሌዳ ተመልክቶ የት ነን ብሎ ጠየቀ።

ነሲባ ነበረች የመለሰችለት። «ከጄኖቫ ተነስተን ነበር» አለች፣ ሳህኗን በዳቦ ቁራሽ እየጠረገች። «መንገድ ላይ ባሕር ገባን። አሁን ሌላ አገር ነን፤ ስሙን እሷ ታውቀዋለች።»

ከዚያ ሳህኗን ወደ ጥሩወርቅ ዘረጋች። ድገሚኝ ማለቷ ነበር። ጥሩወርቅ ሞልታ ቀዳችላት።

ዒድ አለፈ። ሙስዐብ የእናቱን ዕቃ አይሱዙ ላይ ሲጭን፣ ጥሩወርቅ ድስቱን አጥባ፣ አድርቃ ይዛ ተሻገረች፤ ያንቺ ነው ውሰጂው አለቻት። ነሲባ አልተቀበለችም።

«እዚሁ ይቀመጥ» አለች። «ድስቴ ያለበት ቤት እመለሳለሁ። ሥጋ እንዳታስነኪው።»

አሁን ፋሲካም አልፏል። ሰሌዳው ላይ ቦሎኛም ሚላኖም ተመልሰዋል፤ ወጥ ቤቱ ይጨሳል፣ ሥጋው አይቸኩልም። ከመስኮቱ በላይ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ አንድ ትልቅ ድስት ተደፍቶ ተሰቅሏል። ደንበኞች ለምን እንደማይጣድ ይጠይቃሉ። ጥሩወርቅ ባለቤቱ መንገድ ሄዳለች ትላቸዋለች፤ በየሳምንቱም አውርዳ አቧራውን ትጠርግለታለች።