ከጅዳው ሆስፒታል እስከ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እስኪመጣ፣ ጎጃም በረንዳ ባለው የአባቴ ሱቅ እውል ነበር። አባቴ ያገለገለ ጆንያ ገዝቶ፣ አራግፎና ጠግኖ ይሸጣል። አቧራው ለጉድ ስለሆነ ሲያስል ማናችንም አንደነግጥም። የጆንያ ሳል ነው ይለናል፤ እኛም እናምነዋለን።

በዚያ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ከጅዳ ተመለሰ። እዚያ ለብዙ ዓመት ሾፌር ነበር። ሥራው ሰልችቶኝ መጣሁ አለን። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ ከአባቴ መኝታ ጎን ፍራሽ ተነጠፈለት።

አጎቴ በመጣ ሰሞን ወሬው ሁሉ ሆስፒታል ነበር። እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ የታከመበት ሆስፒታል ወለሉ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል፤ ነርስ ለመጥራት ደወል መጫን ብቻ ነው፤ ወጪውን አሠሪው ስለሚችል እሱ ከኪሱ ምንም አላወጣም። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ በር ስናልፍ ግን፣ ግቢውን ሞልቶ የተሰለፈውን ሰው እያየ ከንፈሩን ይመጥ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የአባቴ ሳል ባሰበት። ከሳ፤ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በሳንለት። አጎቴ ጤና ጣቢያ አይሄድም ብሎ ሦስት የግል ክሊኒኮች ወሰደው። በየደረሰበት መርፌ ተወጋ፣ ሽሮፕ ተሰጠው፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ እናቴ ቆርጣ ተነሣችና ከእኔ ጋር ጤና ጣቢያ ላከችው።

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተሰልፈን ካርድ ያወጣነው በአራት ሰዓት ነው። የራጅ መሣሪያው ተበላሽቷል። ቧንቧው ውኃ የለውም። አንዲት ቀጭን ሲስተር ግን አክታውን ተቀብላ አስመረመረችና፣ ውጤቱ ሲመጣ በሩን ዘግታ አስቀመጠችን።

"አባባ፣ ሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናሉ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ግን በየቀኑ መጥተው እኔ እያየሁ ነው የሚውጡት።"

ቤተሰቡም ሁሉ ይመርመር አለች። ቤት ገብተን ስንነግራቸው ሁሉም ሲስማሙ አጎቴ ብቻ ተነሥቶ ወጣ። በማግስቱ ሱቅ መጥቶ የጆንያ ክምር ላይ ተቀመጠ።

"ወንድም ጋሼ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም ያመጣሁብህ" አለ።

ቀስ እያለ ነገረን። ሥራው ሰልችቶት አልነበረም የመጣው። የመኖሪያ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሲመረመር ሳንባው ላይ ነጥብ ተገኘ።

"ሆስፒታሉ ያልኳችሁ ነው፤ አልዋሸሁም። ግን ነጥቡን ሲያዩ ከመድኃኒቱ በፊት ወደ አገሬ የመመለሻ ትኬት ተቆረጠልኝ።"

ሕመም ስላልተሰማው በራሱ የሚጠፋ መስሎት፣ ኀፍረቱም አላናግር ብሎት ደብቆን ኖሯል። አባቴ የያዘውን ጆንያ ሰፍቶ እስኪጨርስ ቀና አላለም። ከዚያ፣ "ነገ አብረን እንሄዳለን። ሰልፉ ረጅም ነውና በጊዜ ተነሣ" አለው።

ሌሎቻችን ተመርምረን ነፃ ስንሆን አጎቴ ላይ ግን ተገኘበት። የእነዚያ ወራት እያንዳንዷ ጠዋት ዛሬም ትናፍቀኛለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ከፊት፣ እኔ ውኃ በጠርሙስ ይዤ ከኋላ። አጎቴ በመጀመሪያው ሳምንት አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ በሦስተኛው ከተሰላፊው ጋር ሲሳሳቅ አየሁት። አንድ ቀን ከጎጃም ጆንያ የጫነ መኪና ገብቶ አባቴ ቀረ። ሲስተር ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች፣ በተሸካሚዎችና በጋሪዎች መሀል እየተጋፋች፣ ኪኒኑን በእጇ ይዛ ሱቃችን ድረስ መጣች። አባቴ ደንግጦ ከመቀመጫው ተነሣ፤ እያየችው ዋጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላጓደለም። በስምንት ወር ሁለቱም ዳኑ።

ሁሉ ነገር እንዲህ አማረ ለማለት አልደፍርም። ከዓመታት በኋላ እናቴን ኩላሊት ሲይዛት ያ ጤና ጣቢያ የሚያደርግላት ነገር አልነበረም። ትልቅ ሆስፒታል ተላክን፤ አልጋ የለም ተባለ፤ ተራዋ ሳይደርስ አለፈች። ያን ጊዜ አጎቴ ያወራልን የነበረውን ደወል አሰብኩ፤ የትም ይሁን የት፣ ብትጫነው ብዬ ተመኘሁላት።

ሰዎች የየትኛው አገር ሕክምና ይበልጣል ብለው ሲከራከሩ ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። አጎቴ ግን መልሱን ያገኘ ይመስላል። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚያልፍ ሚኒባስ እየነዳ፣ ሲስተርን መንገድ ላይ ባየ ቁጥር ይቆምና ጋቢናውን አስለቅቆ ያስገባታል። መንገዱን ሙሉ ግን ውኃ ስለሌለው የጤና ጣቢያው ቧንቧ ይነዘንዛታል፤ እሷም እየሳቀች ትሰማዋለች።