የተበየደው የመሪ ዘንግ

ዕንባቆም የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ ወደ መልኩ በመመለስ የሚኖር ሰው ነው። ጎንደር ላይ ሙያውን ባትላሜራ ይሉታል። ዳባት ገጠር ተወልዶ፣ እስከ ጉርምስናው የቆሎ ተማሪ ሆኖ ሲዞር ቆይቶ፣ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ከተማ ገባ። መዶሻ አያያዝ ያስተማረው የለም። አንድ ሽማግሌ ሲሠራ አጥር ላይ ተደግፎ እያየ፣ በተጣለ ቆርቆሮ ላይ እየሞከረ ለመደው። ዛሬ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር የራሱ ጋራዥ አለው። ጠዋት ኪዳን ሳያደርስ መዶሻ አያነሣም። ንዴት የማያውቅ ሰው ነው ይሉታል። ሲናደድ ዝም ስለሚል እንጂ ያውቃል።

በኅዳር መጨረሻ ታናሽ ወንድሙ አላምረው የሚነዳው ሚኒባስ ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወርድ ሊማሊሞ ላይ ከመንገድ ወጣ። መኪናው ውዱ የሚባል ነጋዴ ንብረት ነው፤ አላምረው ደመወዝተኛ ነበር። አሥራ አራት ሰው አሳፍሯል። ገደሉ አፋፍ ላይ አንድ ቋጥኝ መኪናውን ያዘውና ነፍስ ሁሉ ተረፈ፤ የሰው እጅና እግር ግን ተሰበረ። የአላምረውም ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰበረ። ተሳፋሪዎቹ ሲጠየቁ ቃላቸው አንድ ሆነ፤ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ግራና ቀኝ ይወላገድ ነበር፣ ሹፌሩ ጠጥቷል አሉ። የትራፊክ ፖሊስ የጻፈውም ይኸው ሆነ። ዛሪማ ገበያ ላይ፣ ደባርቅ መናኸሪያ፣ ጎንደር ሳይቀር የአላምረው ስም ሰካራሙ ሹፌር ተባለ። ክስም ይጠብቀው ነበር።

አላምረው መጠጥ አይቀምስም። ይህን ዕንባቆም ያውቃል፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው እሱ ነው። ቢሆንም ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ አላምረው፣ «አያ፣ መሪው እምቢ አለኝ» ሲለው አላመነውም።

«ከመንገድ የወጣ ሹፌር ሁሉ መሪው ነው፣ ፍሬኑ ነው ይላል» አለው። «ፍጥነትህ ነው። ተመስገን በልና ጥፋትህን እመን።»

አላምረው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ውዱ የተጨማደደውን ሚኒባስ በጭነት መኪና አስጭኖ ዕንባቆም ግቢ አራገፈው። ሌላ ሰው ዘንድ ለምን እንዳልወሰደው ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ ዕንባቆም የሹፌሩ ወንድም ነውና በይሉኝታ ቶሎ ይሠራለታል።

«ለጥምቀት ይድረስልኝ» አለ ውዱ። «እንግዳው ሲገባ ይህች ማኪና ቆማ መዋል የለባትም። ፊቷን ብቻ አስተካክልልኝ። የእግሯን ነገር ሌላ ሰው ያየዋል፤ አንተ ከሥር አትድከም።»

ዕንባቆም እሺ አለ። ግን ሻንሲው፣ የመኪናው አጥንት፣ እንደ ተጣመመ ፊት አይሠራም። በማግስቱ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሩ ተንጋልሎ ገባ። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግ ለሁለት ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። ግጭቱ ነው የሰበረው ብሎ ሊያልፈው ነበር። ከዚያ ስብራቱን በጨርቅ ጠረገው።

ብረት ሲሰበር ውስጡ ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል። የዚህ ግን አብዛኛው ጠቁሮ ዝጓል፤ የሚያብረቀርቀው የጣት ጥፍር የምታህል ጫፍ ብቻ ናት። ዘንጉ ቀድሞ ተሰብሮ በብየዳ ተለጥፏል። ብየዳው ለወራት ቀስ በቀስ ሲሰነጠቅ ቆይቶ፣ ሊማሊሞ ላይ ያቺ የቀረችው ጥፍር ለቀቀች። ብየዳው እንዳይታይ ጥቁር ቀለም ቀብተውታል፤ በቀለሙ ላይ ደግሞ ግሪስ ለድፈውበታል።

የመሪ ዘንግ ሲሰበር ይለወጣል እንጂ አይበየድም። ይህን የጋራዥ ዘበኛ እንኳ ያውቃል።

ዕንባቆም ከሥር አልወጣም። ብረቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ተጋድሞ ቀረ። ወደ ግድግዳ የዞረው የወንድሙ ፊት መጣበት። ከዚያም ዘንጉን ፈትቶ በቱታው ኪስ ከተተና፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ሆስፒታል ሄደ።

«መሪው እንደሚንቀጠቀጥ ለውዱ ነግረኸው ነበር?»

«ሦስት ጊዜ» አለ አላምረው። «ጥምቀት ይለፍና እናየዋለን አለኝ።»

«ምነው ታዲያ ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ነገርኩህ እኮ አያ። እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ ነገርኩህ።»

ዕንባቆም ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ግንባር ሳመና ወጣ።

ውዱ ሲጠራ ፈገግ እያለ መጣ። ብረቱን አየው፤ ፈገግታው አልጠፋም።

«ብረት አይደል? ይሰበራል።»

«ማን በየደው?»

«እኔ ምን አውቄ! መለዋወጫ ሲጠፋ አንዱ ጋራዥ በየደልኝ፤ ብየዳ ምንም አይለውም። ደግሞ አንተ ብየዳ እንጀራህ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው ብየዳ የጠላኸው?»

«ቆርቆሮ ነው የምበይደው። ይህ የሰው ነፍስ የሚይዝ ነው።»

«ነፍስማ መች ጠፋ? አንድ ሰው አልሞተም፤ ተመስገን በል እንጂ! ደግሞ እግዜር ያመጣውን እኔና አንተ ምን እናደርገዋለን? ስጠኝ፣ ልጣለው።» እጁን ዘረጋ። «አላምረው ሲድን ሥራው ላይ ይመለሳል። ቃሌ ነው።»

ዕንባቆም ዘንጉን መልሶ ኪሱ ከተተው። እግዜር ያመጣው! ውዱ ለራሱ ሲሆን በገዛ ጥረቱ ወፍጮ እንደ ገዛ፣ ሱቁን እንዳሰፋ ይናገራል፤ ብየዳው ሲለቅ ግን እግዜር ያመጣው ይሆናል። ዕንባቆም ዕድሜውን ሙሉ ተመስገን ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን ግን ቃሉ የሰው መደበቂያ ሆኖ አየው።

«ብረቱ እኔ ዘንድ ይቆያል» አለ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎች መጡ። ሦስት ናቸው። አያ ነጋ፣ ከጠዳ እስከ አዘዞ የሚታወቁ አስታራቂ፤ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ፣ የዕንባቆም የንስሐ አባት፤ እና አንድ የውዱ አጎት። ውዱ ከኋላቸው ቆሟል። የዕንባቆም ሚስት ዝናሽ አግዳሚ ወንበር አወጣች። አልተቀመጡም።

«እሺ ካላልኸን አንቀመጥም» አሉ አያ ነጋ። «ነገሩ የቤተሰብ ነገር ነው። ብረት ይዘህ ፖሊስ ደጅ አትሂድ። ማኪናውን ሠርተህ አስረክብ፤ እግዚአብሔር ያመጣውን እግዚአብሔር ይመልሰው። ስለ መድኃኔዓለም ብለን ነው የምንለምንህ።»

«የአላምረውስ ስም?» አለች ዝናሽ ከበሩ። «እሱንም መድኃኔዓለም ይሸከመው?»

«አንቺ ሴት፣ ወንዶች ሲነጋገሩ—» አለ የውዱ አጎት።

«እኔ ሆስፒታል ምሳ ሳመላልስ ወንዶቹ የት ነበሩ?»

አያ ነጋ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ዕንባቆም ግን አልሳቀም።

«ተቀመጡ አባቶቼ» አለ። «እሺ ብያለሁ።»

ዝናሽ ዓይኗን አፈጠጠችበት። ሽማግሌዎቹም ቶሎ እሺ የሚል ሰው አልጠበቁም ነበርና እርስ በእርስ እየተያዩ ተቀመጡ። ዕንባቆም ዘንጉን ከኪሱ አውጥቶ መሐላቸው መሬት ላይ አኖረው።

«ስለ መድኃኔዓለም ብላችሁኛልና እምቢ አልልም። ይህን ዘንግ በገዛ እጄ እበይደዋለሁ፤ ቀለምም እቀባዋለሁ፤ እንደ ነበረ ቦታው እመልሰዋለሁ። ውዱ ብየዳው ምንም አይለውም ብሎኛል። እንግዲህ የመጀመሪያው ጉዞ የራሱ ይሁን። ሚስቱንና ልጆቹን አሳፍሮ ሊማሊሞን ይውረድ፤ ዛሪማ ደርሶ ይመለስ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ብረት አንድ ቃል ቢወጣኝ እዘኑብኝ።»

«ሸጋ ነው» አሉ አያ ነጋ። «ዘመድ ጥየቃም ይሆንለታል።»

«ሥራ አለብኝ» አለ ውዱ።

«እሑድ ይሁን» አሉ አያ ነጋ።

«ልጆቼ ትምህርት አላቸው።»

«እሑድ ትምህርት የለም፤ ምነው ውዱ?»

«ዛሪማ ሞቃት ነው፣ ትንሿ ያማታል—»

«በማለዳ ወርደው በዕለቱ ይመለሳሉ» አሉ አያ ነጋ። አሁን ድምፃቸው ተለውጧል። «አንተው አይደለህ ብየዳው ደህና ነው ብለህ እኛን ያስነሣኸን?»

«ታዲያ በዚያ ብረት ልጆቼን ገደል ልክተት?» አለ ውዱ ጮኾ።

  እስከዚያ ድረስ ቃል ያልተነፈሱት መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ጎንበስ ብለው ዘንጉን አነሡና የዛገውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እስቲ ድገመው ልጄ» አሉ። «ያንተን ልጆች የማይሸከም ከሆነ የሰውን ልጆች እንዴት ጫንህበት?»

ውዱ ወደ አጎቱ ተመለከተ።

«እኔም አጥፍቻለሁ» አሉ መምሬ ወደ ዕንባቆም ዞረው። «ያለ ኑዛዜ ይቅርታ የለም እያልኩ አስተምራለሁ። ዛሬ ግን ያልተናዘዘ ሰው ይዤ፣ ይቅር በለው ልልህ መጣሁ። ይህን የበየደው የሰው እጅ ነው። ለምን በእግዚአብሔር ላይ እንደምናላክከው አላውቅም።»

«እኛን ሽማግሌ ብለህ አምጥተህ መሸፈኛ አደረግኸን» አሉ አያ ነጋ፣ ውዱን እያዩ። ብድግ አሉ፤ የውዱ አጎትም ተነሣ። «ስማኝ። ሰኞ ከእኔ ጋር ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ትሄዳለህ፤ የሆነውን እንደ ሆነ ትናገራለህ። ከዚያም ዛሪማ ትወርዳለህ። የልጁ ስም የጠፋው ገበያ መሐል ነው፤ እዚያው መሐል ትመልሳለህ። እምቢ ካልህ ቀብርህም ላይ አልቆም።»

ሰኞ ውዱ ሄደ። ቃሉን ሰጠ። ትራፊኮቹም ዘንጉን ተረከቡ፤ ነገሩም በባለሙያ እንደገና እንዲታይ ተባለ። ዕንባቆም ተመስገን አለ፤ ንዴቱ ግን አልበረደም። ምነው ይህ ሁሉ አንድ ሰው እውነት እንዲናገር ነው? ምነው አንድ ዘንግ በጊዜው ቢለወጥ ኖሮ? መዶሻውን ባነሣ ቁጥር ይህ ይመጣበታል።

በገበያው ቀን ዕንባቆምና ውዱ በሕዝብ አውቶቡስ ዛሪማ ወረዱ።  ሚኒባሱ ከመንገድ የወጣበት ቦታ ሲደርሱ ውዱ በመስኮቱ በኩል እንዳያይ ዓይኑን ጨፈነ፤ ዕንባቆም አየ።

ከተሳፋሪዎቹ አንዷን በርበሬ ተራ አገኟት። ሐረገወይን ትባላለች፤ የግራ እጇ በጀሶ ታስሮ በነጠላ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የማኪናው ባለቤት ነኝ» አለ ውዱ በቀስታ። «መሪው ተሰብሮ የተበየደ ነበር። አውቅ ነበር። ሹፌሩ አልጠጣም።»

«ጮክ በል» አለች። «ለእኔ ብቻ ነው እንዴ የመጣኸው? ይህ ሁሉ ሰው ይስማ።»

ውዱ ጮክ ብሎ ደገመው። በርበሬ የሚሰፍሩት እጃቸውን አቆሙ። ሐረገወይን መስፈሪያዋን አስቀመጠች።

«ወር ሙሉ» አለች፤ «ወር ሙሉ በየማለዳው ያን ልጅ ስረግም ነበር። በአንድ እጄ መቀነት ማሰር ሲያቅተኝ፣ አንተ ሰካራም እያልኩ። በስሙ ነበር የምረግመው፤ ስሙን ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት። አሁን ያን ሁሉ እርግማን ማን ይመልስልኛል? አንተ ትመልስልኛለህ?»

ውዱ አንገቱን ደፋ። እሷም ወደ ዕንባቆም ዞረች።

«አንተስ ማን ነህ?»

«ወንድሙ ነኝ።»

«ደውልልኝ።»

ዕንባቆም ደወለና ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ሰጣት።

«አቤት አያ» አለ የአላምረው ድምፅ።

«አያ አይደለሁም። ከኋላህ ተቀምጬ የነበርኩት ነኝ፤ እጄ የተሰበረው።»

 ዕንባቆም ወንድሙ ስልኩን እንዳይዘጋው ፈራ።

«እጅሽ እንዴት ሆነ እናቴ?» አለ አላምረው።

«እጄን ተወው። ይቅር በለኝ። ሳላውቅ ክፉ ነገር ብዬሃለሁ፤ ለእግዚአብሔርም ነግሬብሃለሁ።»  ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ ወደ በርበሬ ተራው ዞረች። «ስሙ እናንተ! ያ ልጅ አልጠጣም! ጠጥቷል ያልኩት እኔው ነኝ፤ አልጠጣም! ለሄደውም ለመጣውም ንገሩ!»

አንዲት ሴት «እሰይ» አለች። ሌላዋ ውዱን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና እንትፍ አለች። ዕንባቆም ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ፣ ማንም ሳያየው አማተበ።

ውዱ ላቡን በመሐረቡ ጠርጎ ተጠጋው።

«እንግዲህ አለቀ፣ አይደል?»

«ምኑ ነው ያለቀው?» አለ ዕንባቆም። «አሥራ ሦስት ተሳፋሪ ይቀርሃል። ና፣ ወደ እህል ተራ እንሂድ።»