በእስር የሚሸጠው የአባቴ ስም

አባቴ ጡረታ የወጣ የአማርኛ መምህር ነው። ቃል አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ ከየት መጣህ፣ ማን ወለደህ እያለ ያፋጥጠዋል። ከሁሉ አስበልጦ የሚተነትነው ግን የገዛ ስሙን ነው። አርባ ምንጭ ሥራ ይዤ ሴቻ የተከራየሁትን ቤት ሊያይ ከጎጃም የመጣ ዕለት፣ ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ለአከራዬ እጁን ዘርግቶ ስሙን ነገራት። ትርጉሙንም አስከትሎ፣ "ሺህ ሰው የፈራው ማለት ነው" አላት።

አከራዬ፣ እትዬ የምላት፣ ኦቾሎ ተወልዳ ያደገች፣ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሃል ድምጿ ጎልቶ የሚሰማ የጋሞ ሴት ናት። የተዘረጋውን እጅ ጨበጠችና ወደ እኔ ዞራ ዓይኗን አፈጠጠች። ወዲያው "ድስቱ እንዳያርብኝ" ብላ እጄን እየጎተተች ማድ ቤት አስገባችኝ።

"ጉድ አፈላሽብኝ! ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?"

"ምኑን?"

የድስቱን ክዳን አነሳችው። በበቆሎ ድብልብል መሃል አረንጓዴ ቅጠል ይንተከተካል። ዛፉ እዚህ አገር በየግቢው ይበቅላል፤ በአማርኛ ሽፈራው ይሉታል። የአባቴ ስም፣ ፊደል ሳይጎድል።

"ጾመኛ ናቸው ስላልሽኝ ያለ ቅቤ የሠራሁት ይሄን ነው። አሁን ምን ብዬ ላቅርብ? 'አባባ፣ ሽፈራውን ቀቅዬልዎታለሁ፣ ይብሉ' ልበል? በመጡ በመጀመሪያው ቀን?"

ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፍኜ "በጋሞኛ ንገሪያቸዋ፤ ሃላኮ በያቸው" አልኳት። ሴራችን እንዲህ ተጀመረ።

አባቴ ሃላኮን ወደደው። በሁለተኛው ቀን ራሱ ጠይቆ በላ። በሦስተኛው ቀን የቃሉን ዘር ፍለጋ ገባ። መጀመሪያ ግን መንደርደሪያ አስፈለገውና የምንበላበትን ጠረጴዛ በጣቱ መታ መታ አደረገ።

"ይሄ ጠረጴዛ፣ እህቴ፣ ከግሪክ የመጣ ነው። ባለ አራት እግር ማለት ነው።"

"ኧረ አባባ፣ እኔስ እዚሁ ታች ከተማ፣ ሲቀላ ነው ያሠራሁት።"

"ቃሉን ነው የምልዎት! ብርቱካንም ቢሆን ፖርቱጋል ከሚለው ያገር ስም ነው የመጣው፤ በዐረቦች በኩል ነው የደረሰን። ሃላኮ ግን ግዕዝ ሳይሆን አይቀርም። ኀልቀ፤ አለቀ ማለት ነው። ይኸው ሰሃኑን ይዩት፣ አልቋል።"

እትዬ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። ከበር ውጭ ስትስቅ ሰማኋት።

ነገሩ የተገለጠው በአምስተኛው ቀን ሲቀላ ገበያ ውስጥ ነው። ሙዝ ልንገዛ ወርደን በሰው መሃል ስንጋፋ ከኋላችን አንዲት ሴት "ሽፈራው! ሽፈራው!" ብላ ተጣራች። አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ዞረና "አቤት!" አለ።

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ስንት እስር ልስጥዎት?"

"የምን እስር? ማን ታሰረ?"

አንዱን እስር ከመደቡ ላይ አንስታ አፍንጫው ሥር አቀረበችለት። "ሽፈራው ነው አባባ። ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ።"

አባቴ ቅጠሉን አየ፤ አሸተተ። አራት ቀን ሙሉ ሲበላ የሰነበተውን ለመለየት አልተቸገረም።

ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። በስሙ ቀልድ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ተቀየመ ብዬ ፈራሁ። ግቢ እንደገባን በቀጥታ ወደ እትዬ ሄደ።

"እህቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እኔን ለእኔ ስንት ጊዜ አበሉኝ?"

እትዬ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። "ይቅር ይበሉኝ አባባ። ምድጃ ላይ ያለውን ካልቆጠርን፣ አራቴ።"

አባቴ ሲስቅ መጀመሪያ የሚስቀው ትከሻው ነው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ድምፁ ወጣ፣ ከዚያ እንባው። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን እየጠረገ "ለመሆኑ ለዛፉ ስሜን ማን አወጣለት?" አላት።

"እኔ እንጃ። ሺህ በሽታ ይፈራዋል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ድሮም ሃላኮ ነው የምንለው። ሽፈራው ያላችሁት እናንተ ናችሁ።"

"ግዕዙስ?"

"የእኛ ሰዎች ግዕዝ ሳይሰሙም ሃላኮ ይበሉ ነበር፣ አባባ።"

አባቴ ይህን የቃል ምርመራ በሽንፈት ዘጋ። ከዚያ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ለእሷ ነገራት።

"እኔን እንኳን ሺህ ሰው፣ ተማሪዎቼም ፈርተውኝ አያውቁም። እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ሕፃናት ቀብራለች። እኔ ስወለድ፣ ሞት እንዲፈራኝ ብላ ነው ያወጣችልኝ።"

ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ስም ከስሜ አስከትዬ ጽፌዋለሁ። ይህን ግን አላውቅም ነበር። እትዬ ቀደመችኝ።

"ታዲያ ሰባ ዓመት ሙሉ ፈርቶዎት የለ?"

አባቴ ወደ አገሩ በተመለሰበት ዕለት እትዬ የደረቀ ቅጠል በከረጢት ሞልታ አሸከመችው። አውቶቡስ ተራው በር ላይ ፈታሹ ከረጢቱን ዳበሰና "ምንድን ነው?" አለ።

"እኔው ነኝ" አለ አባቴ፣ መታወቂያውን እያወጣ።

ፈታሹ መታወቂያውን አነበበ። ከረጢቱን ፈትቶ አሸተተ። ተመልሶ መታወቂያውን አየ።

"ይለፉ አባባ" አለ። "ሁለታችሁም።"