የግራዋው ጢም

ባለፈው ሰኞ ጠዋት መሠረት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ አበባ የያዘ የግራዋ ቅርንጫፍ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ወዲያው ልጅነቴ ውስጥ ገባሁ። ነገር ግን ከአፌ የወጣው ቃል የልጅነት ቃል አልነበረም፤ እስካሁን ድረስ ያመኛል። ምን እንዳልኳት በመጨረሻ እናገራለሁ። አስተማሪ ነኝና ነገርን ከመነሻው ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይህን ደግሞ ከመነሻው ካላስረዳሁት ቁጣዬ ሐሜት ይመስልብኛል።

ያደግሁት ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው መንገድ፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን በራሱ በሚዘራበት መንደር ነው። የዚያ ጊዜ ልጆች ወሩን የምናውቀው በአፍንጫችን ነበር። ግራዋ ሲያብብ ጥር ነው። የየካቲት ዝናብ አንድ ሁለት ቀን ጥሎ ሲያባራ ቡናው በሳምንቱ ነጭ ይለብሳል፤ ያን ሰሞን ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጫካው ውስጥ ሰርግ ያለ ይመስለን ነበር። ከዚያ ገተም የሚባለው ዛፍ ይከተላል፤ ነጩ ማር የሚመጣው ከእሱ ነው። ግንቦት ላይ ማር ይቆረጣል፤ የእኛም ጣት ለሳምንት ይጣበቃል። አያቴ አባ ገብሬ፣ «ዛፍ ወረፋ ያውቃል፤ የሚጋፋው ሰው ነው» ይሉ ነበር።

ሰው እንዳይጋፋ ደግሞ መንደራችን ደንብ ነበረው። ቀፎ ከቀርከሃ ይሠራል፣ በቅጠል ይጠቀለላል፣ ውስጡ በሚሸት እንጨት ጭስ ይታጠናል፤ ከዚያ በገመድ ተጎትቶ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ንቡን የሚጠራው ያ ሽታ ነው፤ ሽታው ደግሞ ቢበዛ ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ቀድሞ የሰቀለ ሰው የጎረቤቱን መንጋ ስለሚወስድ፣ ጸብ እንዳይነሳ ሁሉም ቀፎውን በአንድ ቀን ይሰቅላል። ቀኑን የሚናገሩት አያቴ ነበሩ። የሚናገሩትም ጋራው ላይ ያለው ግራዋ ሲያብብ ነው እንጂ የታችኛውን አይተው አይደለም። ቤትና አጥር ጥግ ያለ ግራዋ እጣቢ እየጠጣ ባሻው ወር ስለሚያብብ ምስክርነቱ አይቆጠርም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የአያቴ ጉልበት እምቢ አለ። «ዓይንሽ ደህና ነው፤ አንቺ ውጪና እይልኝ» አሉኝ። ኅዳር መጨረሻ ነበር። ያን ዓመት ደረቁ ወቅት ቶሎ ገባ፤ ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ዝናብ ለአንድ ሳምንት ወርዶ ድንገት ቆመ። እኔም ሳማው እግሬን እየለበለበኝ ጋራውን ወጣሁ። ስደርስ ግራዋው ነጭ ብሏል! በጥር የሚያብበው ዛፍ በኅዳር አብቧል። አንዱን ቅርንጫፍ ሰበርኩ።

ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ግራጫ ነገር ነበረበት፤ የዛፍ ሽበት እንለዋለን። በኋላ ኮሌጅ ገብቼ እንደተማርኩት ላይከን የሚባለው ነው። ሥር የለውም፤ ውሃ የሚጠጣው ከአየር ነው። ስለዚህ የሚያድገው ጉም ውሎ በሚያድርበት ከፍታ ላይ ብቻ ነው። ያኔ ግን ይህን አላውቅም። ደብተሬን በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ የማሰምር፣ ነገር ሁሉ ንጹሕ እንዲሆን የምወድ ልጅ ነበርኩ። ለአያቴ የተዝረከረከ ነገር አልሰጥም ብዬ እዚያው ዛፉ ሥር ቁጭ አልኩና ጢሙን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ እፍኝ ሙሉ ጣልኩ። አበባውን ብቻ ይዤ ወረድኩ።

አያቴ አበባውን አሸተቱ፣ ከዚያ ቀኑን ተናገሩ። በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ ቀፎውን አጥኖ ሰቀለ። ገመድ ሲጎተት የሚሰማው ጩኸት፣ ሳቁ፣ የጭሱ ሽታ ዛሬም አለኝ። ለዚያ ሁሉ መነሻዋ እኔ ነኝ ብዬ በልቤ ኮራሁ።

ኩራቴ ታኅሣሥን አልጨረሰም። ዝናቡ ስላልቀጠለ አበባው ደርቆ ረገፈ። ንቦቹም አልወጡም፤ መንጋ የሚያወጡት ጫካው ደህና አድርጎ ሲያብብ ነው። የካቲት ላይ በእውነት ሲወጡ ቀፎዎቻችን ሽታቸው ጠፍቶ ጉንዳንና ሸረሪት ሰፍሮባቸው ነበር። ያን ዓመት ማር የለም ማለት ለብዙ ቤት ደብተርም ጫማም የለም ማለት ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከሁሉ ይልቅ ተቆጡ። ጥር ላይ ራሳቸው ጋራውን ወጥተው አንድም አበባ አላዩም። ስለዚህ መንደሩን ሰብስበው እኔን መሐል አቆሙኝ። ንግግሩ በካፊኖኖ ነበር፤ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው።

«ቅርንጫፉን ከየት ቆረጥሽው?» አሉኝ።

«ከጋራው።»

«ከትምህርት ቤቱ አጥር ነው! ቦኖው አጠገብ ያለው ግራዋ ክረምት ከበጋ ያብባል። ዳገቱ ከብዶሽ ከዚያ ቆርጠሽ መጣሽ፤ አባ ገብሬም አመኑሽ።»

አያቴ በዱላቸው ተደግፈው፣ «ልጄ፣ ጢም ነበረው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነበረው» አልኩ። «እንዲያምር ብዬ ነቅዬ ጣልኩት።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ወልዴ ጭናቸውን መትተው፣ «ሰማችሁ? ምስክሯን ላጭታው መጣች!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በትምህርት ቤት ስሜ ጢም ላጯ ሆነ። ልጆቹ ሲያዩኝ አገጫቸውን በእጃቸው እየፋቁ ያልፉ ነበር። ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ አልተዉኝም።

ማታ እያለቀስኩ፣ «አባባ፣ እርስዎም አላመኑኝም?» አልኳቸው። አያቴ ሳማው የለበለበኝን እያከክሁ ያቆሰልኩትን የእግሬን ጠባሳ በጣታቸው ነክተው፣ «የአጥር ግራዋ ሥር ሳማ የለም። የወጣሽ ዕለት እግርሽ ቀልቶ አይቼዋለሁ» አሉኝ። ታዲያ ለምን እዚያ አልተናገሩም? ጥያቄዬ ቁጣ ነበረበት። «ብናገር ማንን ሊቆጡ ነው? ሰው ማሩን ሲያጣ የሚቆጣው ሰው ይፈልጋል። ሰማይን አይቆጣም፤ አይደርስበትማ» አሉ። አያቴን እስከ መቃብራቸው ወደድኳቸው፤ ለዚያ ዝምታቸው ግን ሙሉ በሙሉ ይቅርታ አላደረግሁላቸውም።

በዓመቱ ቀኑን መናገር ለጋሽ ወልዴ ተሰጠ። እሳቸውም በሁለተኛው ዓመት ተሳሳቱ፤ ግራዋው ጥርን ዘሎ መጋቢት ላይ አበበ፣ ቀፎ ሲሰቀልም መንጋው ወጥቶ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም በየራሱ ቀን መስቀል ጀመረ። «መንጋዬን ወሰድክ፣ ገመዴን ቆረጥክ» የሚለው ጸብ መጣ፤ ያ ደንብ ሞተ።

አሁን የማውቀውን ላስረዳ። ዛፍ ቀን መቁጠሪያ የለውም፤ የሚሰማው ድርቁን፣ ዝናቡንና ሙቀቱን ነው። ደረቅ ወቅት ካለፈ በኋላ ዝናብ ከመጣ «ጊዜው ደረሰ» ይላል። ሰማዩ በሐሰት ቢጠራው እንኳ አምኖ ይወጣል። ስለዚህ ዛፉ አልዋሸም፤ እኔም አልዋሸሁም። ሌላም አለ። ምድሩ ሲሞቅ ዕፅዋት ቀስ በቀስ ወደሚቀዘቅዘው፣ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ዘራቸው ከላይ ይበቅላል፣ ከታች ይደርቃል። ሁሉም ግን በእኩል ፍጥነት አይሸሹም። ጉም ጠጪው ቶሎ ይሄዳል፣ ትልቁ ዛፍ ይዘገያል፣ ንቡ ግራ ይጋባል። ለዘመናት አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች እንዲህ ይለያያሉ። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ላደርገውም አልሞክርም። በእኛ መንደር ጭስ ማለት የምድጃና የቀፎ ጭስ ነበር። ሰማዩን ያሞቀው ጭስ በአብዛኛው የወጣው እኛ በስም እንኳ ከማናውቃቸው አገሮች ነው፤ ፍርዱ ግን በአንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ ላይ ወደቀ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ቢሆን ኖሮ በፈገግታ እጽፈው ነበር። ዓምና ቦንጋ ላይ ሥልጠና ተብሎ ተጠራን፤ መምህራንም አርሶ አደሮችም ነበርን። አሠልጣኙ ስክሪን ላይ የተደረደሩ ነጥቦችን እያነበበ፣ የማር ምርት የቀነሰው «በአርሶ አደሩ የግንዛቤ እጥረት» እንደሆነ ነገረን። ጫካ የሚመነጥር ሰው የለም አልልም፤ አለ፣ እሱንም ታግለን እናስቁም። ግን ግንዛቤ? የትኛው ዛፍ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚያብብ በአፍንጫው ለሚያውቅ ሰው? ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ጋሽ ወልዴ ነበሩ።

«ጌታዬ፣ ግራዋ በኅዳር ለምን ያብባል?»

«አባቴ፣ እሱ ከርዕሳችን ውጪ ነው» አለ አሠልጣኙ። «ወደ ሻይ ዕረፍት እንሂድ።»

ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ከአንቺ ወደ አንቱ ተሸጋግረው ነበር። «መምህርት፣ ያኔ ጢም ነበረው አይደል?»

«ነበረው፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ነበረው» አሉ ለራሳቸው፤ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። ይቅርታ የሚል ቃል ጠብቄ ነበር፣ አልመጣም። ስንት ዓመት ተሸክሜው ለኖርኩት ነገር ይኸው ብቻ! ተናድጄ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አሁን ወደ ሰኞ ልመለስ። የማስተምረው በዚያው በልጅነቴ መንደር ነው፤ በክፍላችን ግድግዳ ላይ የአበባ ሰንጠረዥ አለን። ጋራው ላይ የትኛው ዛፍ መቼ እንዳበበ ተማሪዎቼ እያዩ ይሞላሉ፤ ያያቴን ሥራ ለአርባ ልጅ አከፋፍዬዋለሁ ማለት ነው። መሠረት ቅርንጫፉን አስቀምጣ፣ «ቲቸር፣ ከጋራው ነው» አለች። ወሩ ገና ጥቅምት ነው። ቅርንጫፉን አገላብጬ አየሁት፤ ንጹሕ ነው። አንድ ክር እንኳ የዛፍ ሽበት የለበትም።

«ከአጥር ነው የቆረጥሽው» አልኳት፣ በሁሉም ፊት።

መሠረት ጎንበስ ብላ እግሯን አከከች። ያኔ አየሁት፤ ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ጉልበቷ ሳማ ለብልቧታል። ክፍሉ ውስጥ አንድ ልጅ መሳቅ ጀመረ፤ ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። «ዝም በል!» አልኩት፤ ከዚያ እዚያው ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ መሠረትን ይቅርታ ጠየቅኋት። ተማሪን ይቅርታ መጠየቅ በእኛ ዘንድ አልተለመደም። ቢሆንም ጠየቅሁ። እኔ ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል እሷ አንድ ቀን እንኳ ልትጠብቀው አይገባም።

ቅዳሜ መሠረት ከፊት ሆና ጋራውን ወጣን። ያ የልጅነቴ ግራዋ አርጅቶ ቆሟል፣ አብቧልም፤ ቅርፊቱ ግን ደርቋል፣ ጢሙ የለም። ያኔ እፍኝ ሙሉ ነቅዬ የጣልኩበት ቦታ ላይ ቆሜ አንድ ክር ፈለግሁ፤ አጣሁ። ማንም አልላጨውም። ጉሙ ወደ ላይ ሲሸሽ ተከትሎት ሄዷል። እኛም ተከተልነው፤ ጫፉ ድረስ ወጣን። በመጨረሻው ዛፍ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ባለው ቅርንጫፍ ላይ፣ ጣት የማታክል ግራጫ ጢም አገኘን። አንዱ ልጅ ሊነቅላት እጁን ሲዘረጋ «አትንካት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ልጁ ደነገጠ።

መሠረት ያቺን ጢም ቀና ብላ እያየች፣ «ቲቸር፣ ሲሞቅ ወደ ላይ ይሸሻሉ ብለውናል። ከዚህ ደግሞ ወዴት ትሄዳለች?» አለችኝ።

ማስረዳት የምወድ እኔ ከእሷ ጋር ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ ዛፍ በላይ ጋራ የለም።