ጽገሬዳ በዕድሩ ፊት

ጽገሬዳ ዳውንታውን ዴንቨር በአንድ የመኪና ማቆሚያ፣ እጇን ብትዘረጋ ሁለቱን ግድግዳ በምትነካበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። መኪናው ጋብ ሲልላት ከላይብረሪ የተዋሰችውን ታነባለች። የሰሞኑ መጽሐፏ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት አደባባይ ወጥተው ስለ ሴት መብት ይናገሩ ስለነበሩ አሜሪካውያን ሴቶች ነው። አንዳንዶቹ ተሰድበዋል። መድረክ የከበዳቸው ደግሞ ጽሑፋቸውን ወንድ ያነብላቸው ነበር።

"ለእኔስ ይኼኛው ይሻለኛል" አለች ለራሷ።

ቸግሯት ነው። ከባሏ ከሳህለ ጋር ስትፋታ አውሮራ ያለው ዕድራቸው ሰረዛት፤ አባል የሚመዘገበው በባል ስም ነዋ! ግሌንዴል አብረዋት የሚኖሩት እናቷ ከአልጋ አይነሱም። አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይቀብርላታል?

የዕድሩ ስብሰባ ቀን የጻፈችውን ማመልከቻ ለአቶ ኣብራሃ ሰጠች። ቃላቸው የሚደመጥ ሽማግሌ ናቸው።

"አይዞሽ ልጄ፣ አሳምሬ ነው የማነብልሽ።"

አሳመሩት። "በየለቅሶው ቀድሜ ደርሻለሁ፤ በራሴ ስም መዝግቡኝ" ያለችው፣ በእሳቸው አፍ "ይቺ ምስኪን እግራችሁ ላይ ወድቃ ትለምናለች" ሆኖ ወጣ። ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። ሳህለ ከፊት ተነስቶ፣ "እኔ ቅር አይለኝም፣ በስሜ ትቆይ" አለ። ተጨበጨበለት።

ሰጥተው የጽገሬዳን አፍ ዘጉት።

"ጥሩ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ..." አሉ ሊቀመንበሩ አቶ ይመር።

"እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም!"

"ተፈቀደልሽ እኮ! ምን ቀረሽ? ተቀመጪ።"

"መጽሐፍ ነው ያበላሻት" አለ አንዱ፤ አዳራሹ ሳቀ።

መቀመጥ አማራት። ከተቀመጠች ግን እናቷም እሷም የሳህለ ጥገኛ ሆነው መቅረታቸው ነው። ወደ ፊት ሄደች።

"አባባ፣ ወረቀቱን ይስጡኝ።"

"አዘንኩልሽ እንጂ ምን አጠፋሁ?" አሉ አቶ ኣብራሃ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ራሴ ማንበብ ነበረብኝ።"

ድምፅዋ እየተቆራረጠ ከመጀመሪያው መስመር አነበበች። ማንም አላጨበጨበም።

"እሺ፣ በራሷ ስም ትመዝገብ የምትሉ እጅ አውጡ" አሉ አቶ ይመር።

"ሴቶችም?" አለ ሳህለ።

"ታዲያ ወጥ ለመሥራት ብቻ ነው የመጣነው?" ፈትለወርቅ ከኋላ እጇን አወጣች። ሌሎችም ተከተሏት።

አቶ ይመር ቆጠሩ፤ ደግመው ቆጠሩ። "ይኼ ደንብ የሚነካ ነገር ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ይተላለፍ።"

ወር ሙሉ። እናቷ ይቆዩላት ይሆን?

"እሺ፣ እስከዚያ በእርሳስም ቢሆን ስሜን ይጻፉት" አለች፣ አቶ ይመር ጠረጴዛ ላይ ካለው የአባላት መዝገብ ፊት ሳትንቀሳቀስ። "እስኪጽፉት አልሄድም።"